ምንም ሳይጫንበት ስለሚሞላው ስልክ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችውን ሱቃችንን የከፈትናት ስክሪን ለመቀየርና ባትሪ ለመሸጥ ነበር። አሁን አሁን ግን የፋይል ማስቀመጫ ቦታው የሞላ ስልክ ከተሰበረው እኩል ይመጣልናል። ባለቤቱም ሁሌ የሚለው አንድ ነው፦ «ምንም አልጫንኩበትም እኮ!» እውነቱን ነው። እሱ አልጫነም። ስልኩ ግን ሌት ተቀን ሲቀበል ነው የከረመው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን የራሳችን ጥፋት ነው። በፍልሰታ ጾም ሰሞን አንዲት እናት ስልካቸውን አምጥተው «አጽዱልኝ ልጆቼ» አሉን። ሱቃችን የሚሠራው ልጅ ትልልቁን ፎልደር እየለየ አጠፋላቸው። በአሥር ደቂቃ 9 ጊጋ ተለቀቀ። መርቀውን ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሳንከፍት በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ቤሩት ያለችው ልጃቸው በዋትሳፕ የላከችላቸው የድምፅ መልእክት ሁሉ አልከፈት ብሏል። አልተቆጡንም። «ማታ ማታ እሰማው ነበር» ብቻ አሉ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ልጁ የተሳሳተው ዋትሳፕን እንደ ቴሌግራም ቆጥሮ ነው። ሁለቱ ከላይ ሲያዩዋቸው መንትያ ይመስላሉ። ቴሌግራም የተላከላችሁን ነገር በራሱ ሰርቨር (በኩባንያው ኮምፒውተር) ላይ ያስቀምጣል። ስልካችሁ ላይ ያለው ግልባጩ ነው። ግልባጩን ብታጠፉት፣ ቻናሉ ወይም ላኪው ራሱ ካላጠፋው በቀር፣ ስትጫኑት ተመልሶ ይወርዳል። (ሲክሬት ቻት የምትጠቀሙ ካላችሁ ንገሩን። እሱ ሰርቨር ላይ አይቀመጥም።) ዋትሳፕ ግን ፋይሉን አንዴ ካደረሰ በኋላ እጁን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው እናንተ ስልክ ላይ ነው፤ ባክአፕ (ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ) ከሌለ ደግሞ እዚያው ብቻ ነው። ከጠፋ ጠፋ።

ስለዚህ ከቴሌግራም ጀምሩ። ብዙ ጊዜ የጠፋው ቦታ የሚገኘውም እዚያ ነው። ባለፈው አንድ የታክሲ ረዳት 64 ጊጋ ስልኩን ይዞ መጣ። አዲስ ስልክ ሊገዛ ቆርጧል። ከፍተን ስናየው ቴሌግራም ብቻውን 27 ጊጋ ይዟል። «እኔ እኮ ዜና ብቻ ነው የማየው» ብሎ ተከራከረን። የፊልም ቻናል አለ፣ የመዝሙር አለ፣ የስብከት አለ፣ የኳስ ጎል ብቻ የሚለቅም አለ። ጣቱ ያለፈበት ሁሉ በራሱ ሲወርድ ነበር። አጸዳንለት፤ አንዲት መልእክት አልጠፋችበትም። የስልክ መግዣውን ኪሱ ከቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ይህን ራሳችሁ ቤት ሆናችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩሴጅ»። ባለቀለም ክብ ይመጣል፤ ከሥሩ «ክሊር ካሽ» አለ። እዚያው ገጽ ላይ ፋይል ስንት ቀን እንደሚቆይ መወሰንም ይቻላል። እኛ አንድ ሳምንት እናደርገዋለን። በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳያወርድም ዝጉት። ያጠፋችሁትን መልሳችሁ ስታወርዱ ፓኬጃችሁን ስለሚበላ፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ብታደርጉት ይሻላል።

ዋትሳፕን ግን ዓይናችሁን ከፍታችሁ ግቡበት። «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ውስጥ «ማኔጅ ስቶሬጅ» የሚል አለ። ከ5 ሜጋ በላይ የሆኑትንና ከሰው ሰው ሲዞሩ የኖሩትን ለይቶ ያሳያል። የእንቁጣጣሽ ካርድ፣ የ«ለአሥር ሰው ላክ» ቪዲዮ፣ የዕድር ግሩፕ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ካርዱን ያለ ርኅራኄ አጥፉት። የሰው ድምፅ ሲሆን ግን አድምጡት። ሌላም አለ። አንድሮይድ ላይ የልጃችሁን የልደት ቪዲዮ በዋትሳፕ ስትልኩ፣ የተላከው ሌላ ኮፒ ሆኖ «ሴንት» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ጋለሪ ላይ ያለው ሲደመር ሁለት ሆነ ማለት ነው።

«ፎቶ አጥፍቼ ቦታው አልተለቀቀም» የሚሉንም አሉ። ያጠፋችሁት ፎቶ ገና አልወጣም። ቆሻሻውን ከሳሎን አንስታችሁ በረንዳ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። አይፎን ለ30 ቀን ያህል ያቆየዋል። ጉግል ፎቶስ ደግሞ ባክአፕ የተደረገውን 60 ቀን፣ ያልተደረገውን 30 ቀን ይይዘዋል። ያጠፋችሁት ፎቶ የሚጠራቀምበትን ቅርጫት ባዶ ማድረግ አለባችሁ።

ሠርግና መልስ ለምትቀርጹም አንድ ነገር። አዲሶቹ አይፎኖች ላይ በ4ኬ ጥራት (በሰከንድ 30 ፍሬም) የተቀረጸ አንድ ደቂቃ 170 ሜጋ ያህል ይወስዳል። በ1080 ሲሆን 60 ሜጋ ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ቀረጻ ማለት በአንዱ 10 ጊጋ፣ በሌላው ከ4 ያነሰ። ለቤተሰብ ለሚላክ ቪዲዮ 1080 ይበቃል ባዮች ነን።

አንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ በየአፑ ገጽ ላይ ያሉት «ክሊር ካሽ» እና «ክሊር ዳታ» ጎን ለጎን ቢጻፉም አንድ አይደሉም። ሁለተኛው አፑን እንደ አዲስ ያደርገዋል። ቲክቶክ ላይ ያልለቀቃችሁት ድራፍት ካለ፣ ዳታውን ስታጸዱ ወይም አፑን ስታጠፉ አብሮ ይሄዳል። ፕሌይ ስቶር ላይ «ስልክ አጽጂ» የሚሉት አፖች? አብዛኞቹ ማስታወቂያ ያጎርፉባችኋል፤ ራሳቸውም ቦታ ይይዛሉ።

ፎርማት፣ ማለትም ስልኩን ሙሉ በሙሉ ባዶ ማድረግ፣ የመጨረሻው አማራጭ ነው። እሱንም ቢሆን የጉግል ኢሜይላችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ካላወቃችሁ አንነካውም። ስልኩ ከፎርማት በኋላ ያንኑ አካውንት ሊጠይቅ ይችላልና። የብዙዎቻችሁን ኢሜይል የከፈተው ስልኩን የሸጠላችሁ ሰው ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ነው፣ ያስታውሰው ከሆነ። የእኚያ እናት ልጅ ድምፅ በባክአፕ ሊገኝ ይችል እንደሆነ እንኳ ማየት ያልቻልነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከእንግዲህ ስልክ ተቀብለን «ማታ ኑ» አንልም። ዋትሳፕ የሚነካ ከሆነ አጠገባችን ተቀምጣችሁ እያያችሁ ነው የሚጸዳው። እንዳይጠፋ የምትፈልጉትን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ እንገለብጣለን፤ ፍላሹን ይዛችሁ ኑ። ቴሌግራም ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ብር አንጠይቅም።

እኚያ እናት ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ስልካቸው ዳግም ሞልቷል። በርጩማ አቀረብንላቸው፣ አንድ በአንድ እያዳመጡ «ይሄ ይቆይ፣ ይሄ ይጥፋ» አሉን። ሁለት ሰዓት ፈጀ። የተለቀቀው አንድ ጊጋ አይሞላም። የቀረውን ከቴሌግራም አገኘነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ሠራተኞች