አባታችንን ላተረፈልን የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያና ለቃሬዛ ተሸካሚ ወንድሞቻችን

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባታችን ደኅና ናቸው። ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል፤ በእግራቸው ሄደው ቤተ ክርስቲያን ተሳልመዋል። በፍልሰታ ጾም ያ ድንገተኛ ነገር ሲደርስብን ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ ቤት ለቤት ዞረን ማመስገን ስላልቻልን፣ በቤተሰባችን ስም ይህን እጽፋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው በደምበጫ ዙሪያ በአምቡላንስ የሚሠራ አንድ ወጣት የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን አለ። «ስሜን አትጻፊ» ስላለኝ ስሙን አልጽፍም፤ ሥራውን ግን ልናገር።

አባታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን ይወስዳሉ። የዚያን ዕለት ጠዋት ክኒኑን ውጠው እህል ሳይቀምሱ እስከ ቅዳሴ ማብቂያ ቆዩ። ሲመለሱ መንገድ ላይ እግራቸው ከዳቸው። ላባቸው ልብሳቸውን አርሶታል፣ ምላሳቸው ተሳስሯል፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። አንዱ ነፋስ ነው አለ፤ ሌላው ደም ግፊት ነው አለ፤ ጸበል ይምጣ ያለም ነበር። ሁሉም ተጨንቆላቸው ነው። ወንድሜ ለአምቡላንስ ደወለ። በእኛ አካባቢ አምቡላንስ የወላድ መኪና ተደርጎ ስለሚታሰብ «ለሽማግሌ ይመጣል እንዴ?» ያሉም አልጠፉም። መጣ።

ሳይደርስም ሥራውን ጀምሮ ነበር። በስልክ «ስኳር አለባቸው? የሚወስዱት ክኒን ነው መርፌ? ዛሬ ምን ቀመሱ?» ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም «ሲጠሯቸው ይመልሳሉ?» አለ። በዚያ ሰዓት አባታችን ማንኮራፋት ጀምረው ነበር፤ ብንጠራቸው፣ ብንነቀንቃቸው መልስ የለም። «እንግዲያው በአፋቸው ምንም እንዳታደርጉ፤ ውሃም፣ ጸበልም፣ ስኳርም። በጎናቸው አስተኟቸው፤ ትንፋሻቸውን እያያችሁ ጠብቁኝ» አለን። አንዲት ጎረቤታችን ስኳር በውሃ በጥብጣ፣ ብርጭቆውን ይዛ ቆማ ነበር። መዋጥ ለሚችል ሰው ፈጥኖ የሚደርስለት እሱው ነው፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያፍነው ይችላል። በጎናቸው እንዳስተኛናቸው ማንኮራፋቱ ረገብ አለ።

የነሐሴ ጭቃ መኪናውን ጠጠሩ መንገድ ላይ አስቀረው። የእድራችን ወጣቶች አባታችንን በቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ፣ እሱ ቦርሳውን አዝሎ ሽቅብ ሲወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ተገናኘን። «እዚሁ አውርዷቸው» አለ። መኪናው ጋ እንድረስ ያሉትን «አንጎል ያለ ስኳር ብዙ አይቆይም፤ እዚህ የምንቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ዝናቡ ይወርዳል። አራት ሰዎች ጋቢ ወጥረው ከላያችን ያዙ። ጣታቸውን ጠርጎ በደንብ አደረቀ፣ ወጋ፣ የደም ጠብታዋን መለኪያው ላይ አስነካ። 31 አለ። ጤነኛ ሰው ሳይበላ እንኳ ከ70 በላይ ነው። «እጅ የከዳውና ምላስ የተሳሰረው ሁሉ ስትሮክ አይደለም፤ መጀመሪያ ስኳር ይለካል» አለን፣ እጁ ሥራውን ሳያቋርጥ።

ደም ሥራቸው ጠፍቶ ነበር። ክንዳቸውን አስሮ፣ በጣቱ እየዳሰሰ አገኘው። መርፌውን ከተከለ በኋላ ደም መመለሱን አይቶ ነው 40 በመቶ ግሉኮሱን መግፋት የጀመረው፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላልና ዓይኑን ከክንዳቸው ሳያነሳ በዝግታ ገፋው። ሁለተኛው አምፑል ሳያልቅ አባታችን ዓይናቸውን ገለጡ። ዙሪያውን አዩና «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አሉ። በዚያ ዝናብ ውስጥ የተሰማውን እልልታ አልረሳውም። ቀኝ እጃቸውን አንስተው ፊታቸውን ጠረጉ።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የማመሰግነው ከዚያ በኋላ ስላደረገው ነው። ሰዉ ሁሉ «ነቅተዋል፣ ተመስገን፣ ቤታቸው ይግቡና እህል ይቅመሱ» አለ። እሳቸውም ከቤቴ አልወጣም አሉ። ልጁ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ «አባባ፣ እኔ የሰጠሁዎት ስኳር ቶሎ ያልቃል፤ ጠዋት የዋጡት ክኒን ግን እስከ 24 ሰዓት ሊሠራ ይችላል። በዕድሜ ላይ ደግሞ ኩላሊት ከደከመ ከዚያም በላይ ይቆያል። ማታ ተኝተው ቢወርድብዎት ማን ያውቃል?» አላቸው። አልተቆጣም፣ አላስፈራራም፣ ሽማግሌዎቹንም አላቃለለም። ጠብቆ አሳመናቸው። እንዳለውም ሆነ። ከነቁ በኋላ 124 የነበረው ስኳራቸው ፍኖተ ሰላም ሳንደርስ 58 ገባ። አሁን መዋጥ ስለሚችሉ ወዲያው የስኳር ውሃ አጠጣቸው፤ በየመሐሉ እየለካ ሆስፒታል አደረሰን፤ የለካውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጽፎ ለተረኞቹ አስረከበ። እስከ ማግስቱ ግሉኮስ ሲንጠባጠብላቸው አደረ። ያን ሌሊት ቤታችን ተኝተው ቢሆን ኖሮ፣ ደክሟቸው ነው ብለን በሩን ዘግተንላቸው ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም እንባዬ ይመጣል።

ሐኪሞቹ ክኒኑን ለውጠውላቸዋል። የንስሐ አባታቸውም ከመድኃኒታቸው ጋር እህል እንዲቀምሱ አዝዘዋቸዋል፤ እሺ ብለዋል።

በዚያ ጭቃ መኪናውን ለነዳልን ሾፌር፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገባቸው ላልራቁት የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ነርሶችና ሐኪሞች፣ ትከሻችሁ እስኪላጥ ለተሸከማችሁልን የእድራችን ወጣቶች፣ ስንቅ ይዛችሁ ለተከተላችሁን እናቶች፣ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልን። እናታችን ለዚያ ወጣት «‹የወለደችህ ማኅፀን ይባረክ› በይልኝ» ብላለች፤ አደራዋን አድርሻለሁ።

ጋቢ ወጥረው ከያዙልን አራት ሰዎች ሁለቱ መንገደኞች ነበሩ። በግርግሩ ስማቸውን ሳንጠይቅ ተለያየን። ይህን ካነበባችሁ ኑልን፤ አባታችን ሊመርቋችሁ ይፈልጋሉ፣ ጋቢያችሁም ታጥቦ ተቀምጧል።

ከመላው ቤተሰብ፣ ደምበጫ