ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ኅዳር ወር የክፍል ውስጥ አቀራረብ

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጅማ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ከጥቅምት 17 ጀምሮ አምስት አምስት እየሆኑ አንድ ነገር በእጃቸው ሠርተው ወይም ቦታው ድረስ ሄደው አይተው፣ ከኅዳር 15 እስከ 19 ባለው ሳምንት ለክፍል ጓደኞቻቸው ያቀርባሉ። ካቀረቡ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ሥራው የራሱን ማስታወሻ ይጽፋል። ከእናንተ አጥብቀን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሥራውን እንዳትሠሩላቸው። ለምን እንደምንለምንና በምን ልትረዷቸው እንደምትችሉ ከዚህ በታች ዘርዘር አድርገን ጽፈናል።

ብዙ ቡድን የመረጠው ቡና ማድረቅን ነው፤ ወቅቱም የለቀማ ነው። ቡድኑ በዕለቱ የተለቀመ ቀይ እሸት ቡና ያመጣል። አረንጓዴውና የበሰለው እኩል ስለማይደርቁ አረንጓዴው ተለቅሞ ይወጣና የቀረው 1 ኪሎ ተደርጎ ይመዘናል። ከዚያ በትምህርት ቤቱ ግቢ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት ላይ ሳይደራረብ ይሰጣል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይገላበጣል፤ ማታና ዝናብ ሲያስፈራ ይሸፈናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀን 6፡00 ሰዓት ላይ ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ሚዛን ይመዘናል። ክብደቱ ከአየሩ ሁኔታ ጋር ደብተር ላይ ይሰፍራል።

ሰዓቱ የተቆረጠው በምክንያት ነው። ጠዋት ጤዛ ሳይለቅ የተመዘነ ቡና ከትናንቱ ከብዶ ሊገኝ ይችላል። ልጁ ይህን ሲያይ የተሳሳተ መስሎት ቁጥሩን ሊሰርዝ ይፈልጋል፤ እኛ ግን እንዲሰርዝ አንፈቅድም፤ ለምን እንደከበደ እንዲጠይቅ እንፈልጋለን። ቅዳሜና እሑድ ስለማይመዘን ቦታው ባዶ ይቀራል። በግምት የተሞላ ቁጥር ግራፍ ላይ ሲወጣ ወዲያው ያስታውቃል፤ መስመሩ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ይላል። በትክክል የተመዘነ ቡና መስመር እንደዚያ አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የውጪው ሥጋ ውኃ ስለሚወጣ ክብደቱ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። በኋላ ከውስጠኛው ፍሬ የሚወጣው ውኃ ስለሚዘገይ መስመሩ እየተኛ ይሄዳል። 1 ኪሎ እሸት ደርቆ ጀንፈል ሲሆን 400 ግራም ገደማ ይቀራል፤ ተፈልፍሎ የሚገኘው ንጹሕ ቡና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 200 ግራም አይሞላም። የቡና ገበሬ ልጆች ይህን ቤት ውስጥ ሲነገር ሰምተው ያውቁ ይሆናል። ራሳቸው መዝነው ያገኙት ጊዜ ግን ጠያቂ ቢነሣባቸው የሚመልሱት አያጡም።

ቡናው ተደራርቦ ከተሰጣ ወይም ሳይገላበጥ ከዋለ ይሻግታል፤ ነጭ ነገር ያወጣል፤ ሽታውም ይለወጣል። እንዲህ የተበላሸበት ቡድን ነጥብ አይቀነስበትም። የሻገተውን ይዞ ቀርቦ በየትኛው ቀን ምን እንደጎደለ ካስረዳ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። እባካችሁ ቡናው ሲበላሽ ሌላ ደህና ጀንፈል ከቤት አትላኩ። እሸት በእጃችሁ ከሌለም ለመግዛት አትቸገሩ፤ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ንገሩ።

በርጩማን የመረጡት ጠራቢ ዘንድ ይሄዳሉ። ከአንድ ግንድ የሚጠረበው ባለ ሦስት እግር በርጩማ በወጣ ገባ መሬት ላይ የማይንገዳገደው ለምን እንደሆነ ባለ አራት እግሩን አጠገቡ አስቀምጠው ይሞክራሉ። ሦስት ነጥብ ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ እንደሚውል የሒሳብ መምህራቸው ቀድሞ አይነግራቸውም። ጅረን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚሄዱት የአንድ በር ወይም የአንድ በረንዳ ሥዕል ከነልኩ ይዘው ይመለሳሉ። የአዌቱን ውኃ የሚያነጻጽሩት ከከተማው በላይና በታች በሁለት እኩል ሃይላንድ ቀድተው፣ 24 ሰዓት አስቀምጠው፣ የዘቀጠውን በማስመሪያ ይለካሉ። መምህር ሳይኖር ወንዝ አይወረድም። ውኃው የሚቀዳው ከረጅም ዱላ ጋር በታሰረ ጣሳ ነው፤ እጅም በሳሙና ይታጠባል።

ይህ አካሄድ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ኅብረተሰቡ በመላክ ሲያስተምር ኖሯል። ለ13 ዓመት ልጅ መጠኑ ያንሳል እንጂ መንገዱ ያው ነው።

አሁን ወደ አቀራረቡ። አብዛኛው ቡድን የሚሰናከለው በሽምደዳ ነው። ቃል በቃል የሸመደደ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጠፋበት የሚቀጥለውም አብሮ ይጠፋበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተናጋሪ በእጁ የሚይዘው አራት ቁልፍ ቃል የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ከስድስት መስመር አይበልጥም፤ ከኋላ ወንበር እንዲነበብ ፊደሉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑረው። ጥቁር ወይም ሰማያዊ ማርከር ይሻላል፤ ቢጫ ከሩቅ አይታይም። ኮምፒውተር ቤት ተከፍሎበት ታትሞ የመጣ ጽሑፍ አንቀበልም። የሚያምር መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ልጁ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ያነበዋል፤ ጥያቄ ሲነሣም ጽሑፉ ያላለውን መመለስ ያቅተዋል።

ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ብታዳምጧቸው ትልቅ እርዳታ ነው። መሐል ላይ እያቋረጣችሁ አታርሟቸው፤ ሲጨርሱ «እንዴት አወቅሽ?»፣ «ሌላስ ምን ሊሆን ይችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በቤታችሁ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ከሆነ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ያስረዷችሁ። ሐሳቡ መልክ ከያዘ በኋላ ወደ አማርኛ መመለሱ ይቀላቸዋል።

የግል ማስታወሻው የሚጻፈው ባቀረቡ ማግስት፣ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ገጽ ነው፤ ዓርብ ያቀረቡት ሰኞ ይጽፋሉ። ወደ ቤት የማንልከው ታላቅ ወንድም ወይም እኅት እንዳይጽፉት ነው። ተማሪው ሦስት ነገር ይመልሳል፦ ከመጀመሬ በፊት ምን ይሆናል ብዬ ነበር? ምን አየሁ? እንደገና ብሠራው ምኑን እለውጣለሁ? «ብዙ ነገር ተምሬአለሁ፤ በጣም ደስ ይላል» የሚል ማስታወሻ ተመላሽ ይሆናል። «በ6ኛው ቀን ከ5ኛው ቀን ከበደ፤ ሰዓት ሳይደርስ ጠዋት መዝነነው ነበር» የሚል አንድ መስመር ግን ልጁ ሥራውን መለስ ብሎ እንዳየው ያስረዳናል። ከ100 ተከታታይ ምዘና 10ሩ የዚህ ሥራ ሲሆን፣ 3ቱ ለመዝገብ ደብተሩ፣ 3ቱ ለአቀራረቡና ለጥያቄ አመላለሱ፣ 4ቱ ለግል ማስታወሻው ነው። ማስታወሻው የበለጠ የተሰጠው በቡድን ሥራ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ የሚታወቀው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

50 ተማሪ ባለበት ክፍል 10 ቡድን አለ። ለአንድ ቡድን 8 ደቂቃ ለማቅረቢያ፣ 3 ደቂቃ ለጥያቄ ስንይዝ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከ3 ቡድን በላይ አይገባም፤ ለአንድ ክፍል 4 ቀን ያስፈልጋል። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ብዙዎቻችሁ እንደማይመቻችሁ እናውቃለን። በዚህ ምክንያት ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አድርገነዋል፤ የዓርቡም ከጁምዓ ሰላት በፊት ያልቃል። መጥታችሁ ከኋላ ተቀምጣችሁ ማዳመጥ ትችላላችሁ፤ ጥያቄ የሚጠይቁት ግን ተማሪዎች ብቻ ናቸው።

ልጃችሁ ሰው ፊት መናገር በጣም የሚከብደው ከሆነ፣ የሚንተባተብ ወይም የመስማት ችግር ያለበት ከሆነ፣ እስከ ኅዳር 8 ድረስ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ አሳውቁን። ሚዛኑን በማሳየት ወይም ግራፉን በመሳል እንዲጀምርና የሚናገረው ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ እናደርጋለን፤ ነጥቡም በዚህ ምክንያት አይቀነስም።

ከአክብሮት ጋር፣
ርእሰ መምህር