ገንዳዬ እንደ ጎርፍ ውሃ የደፈረሰበት ምክንያት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የጓሮ መዋኛ ገንዳን ወደ ክሎሪን ስለመቀየር የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ተናድጄ ነው። ጸሐፊው ስለ ክሎሪን ጥቅም ብዙ ካሉ በኋላ ዋናውን ነገር፣ ማለትም ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩን፣ «የድሮውን ማቆም፣ አዲሱን መጀመር» በሚል አንድ መስመር አልፈውታል። እኔ በዚያች መስመር ውስጥ 11 ቀን ኖሬባታለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ገንዳችን 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት አለው፤ 48 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል። ባለቤቴ የክሎሪን ሽታ ስለማትወድ ለዓመታት የተጠቀምነው ባይጓናይድ የሚባለውን መድኃኒት ነበር። በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስ ማጠቢያ ውስጥ እንኳ ይገባል። ጀርሙን ሽፋኑን አፍርሶ ይገድለዋል፤ ከዋናተኛ ገላ የሚወርደውን ላብና ቅባት ግን አያቃጥልም። ለዚያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለብቻው ይጨመራል። እየቆየ ሲሄድ ውሃችን ላይ የማይለቅ ጭጋግ መጣ። ከመሰላሉ ጀርባ ደግሞ ሮዝ ዝልግልግ ነገር ያበቅል ጀመር። ዛሬ ፍቄ ባነሳው በሳምንቱ እዚያው ተመልሶ አገኘዋለሁ።

ክሎሪን ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ። የሸጠልኝም ሰው ምክር ከጸሐፊያችሁ ምክር አይለይም ነበር፤ ጽላቱን በተንሳፋፊው ዕቃ አድርገህ ልቀቀው፣ አለቀ። ለቀቅሁት። በማግስቱ ጠዋት ወጥቼ ሳይ ገንዳው ክረምት ያመጣው ወንዝ መስሏል። ግድግዳው ላይ ቡናማ ሙጫ ተለጥፏል፣ የማጣሪያው ግፊት መለኪያ ቀስት ወደ ላይ ወጥቶ ቀርቷል። ባለቤቴ ከበሩ ሆና አየችና፣ «ጭጋጉ ምን አድርጎህ ነበር?» ብላኝ ገባች።

የሆነው ይህ ነው። ክሎሪን ለባይጓናይድ አያዝንም፤ እንደማንኛውም ቆሻሻ ቆጥሮ ያጠፋዋል፣ ሲያጠፋውም ራሱ ያልቃል። ቡናማው ሙጫ የሁለቱ ጠብ ትርፍ ነው። ፐርኦክሳይድም እንዲሁ ነው፤ ከክሎሪን ጋር ሲገናኙ ሁለቱም ይከስማሉ። እናም የቀድሞው መድኃኒት ውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ የሚጨመረው ክሎሪን ጀርም መግደል ቀርቶ እስከ ማታ አይቆይም። ጽላት ቀስ በቀስ እየሟሟ የሚለቀው ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጦርነት አይበቃም። መጀመሪያ ባይጓናይዱንም ፐርኦክሳይዱንም መጨመር አቁሞ፣ መጠናቸው በራሱ እስኪወርድ መታገስ፣ ከዚያ ክሎሪኑን በአንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ እዚያው ማቆየት ያስፈልጋል። ከፍ ማለት ስል በሊትር 15 ሚሊግራም ያህል ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ ሙያዬ አገለገለኝ። በሊትር 1 ሚሊግራም ለመጨመር የእኔ ገንዳ 48 ግራም ክሎሪን ይፈልጋል፤ ለ15 ደግሞ 720 ግራም። በአንድ ሊትር 120 ግራም ገደማ ክሎሪን ካለው ፈሳሽ 6 ሊትር መሆኑ ነው። ተራ የቤት በረኪናም ያው ዘመዱ ነው፤ 50 ግራም ያህል ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን 14 ሊትር ተኩል ገደማ ይጠይቃል። ይህን ከማድረጌ በፊት ፒኤቹን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት ልክ፣ ለክቼ ወደ 7.2 አወረድኩት፤ ክሎሪኑ ከፍ ካለ በኋላ የፒኤች ንባብ አይታመንም። በ7.2 ላይ ከክሎሪኑ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጀርም በሚገድለው መልኩ ይገኛል፤ ፒኤቹ 8 ከደረሰ ሩቡ ብቻ ነው የሚሠራው።

የምጨምረው ጀምበር ስትጠልቅ ነበር። ከፀሐይ የሚከላከል ማረጋጊያ የሌለውን ክሎሪን የቀትር ፀሐይ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በግማሽ ትቀንሰዋለች። ፓምፑ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ማጣሪያው በተዘጋ ቁጥር በተቃራኒ ፍሰት ይታጠባል። ልጆቹ ገንዳው አጠገብ ድርሽ አይሉም። የመጀመሪያውን ማታ 6 ሊትር ጨምሬ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ ምንም የለም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ማታ ያው ነው።

በአራተኛው ቀን የሠራሁትን ስህተት ለሌላ ሰው አልመኝለትም። በጠብታ የሚሠራው መመርመሪያ ክሎሪን ሲኖር ውሃውን ሮዝ ያደርገዋል። ለካሁ፤ ውሃው ነጭ እንደሆነ ቀረ። አለቀ ማለት ነው ብዬ ሌላ 6 ሊትር ደፋሁበት። እንደገና ለካሁ፣ አሁንም ነጭ። ሦስተኛውን ጀሪካን ስከፍት ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። «ሮዝ ሆኖ ነበር እኮ፤ ወዲያው ጠፋ» አለች። ልክ ነበረች። ክሎሪኑ ሲበዛ የመመርመሪያውን ቀለም ራሱን ያነጣዋል፤ ምንም የሌለ ያስመስላል። አንድ እጅ የገንዳ ውሃ ከአራት እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ብለካው 4 አነበበ። በ5 ሲባዛ 20። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ይህን እርሷ መያዟ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልኬቱን የምታየው እርሷ ናት፤ እኔ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ።

የሽታውንም ነገር የፈታነው በዚያው ደብተር ነው። ዓይን የሚቆጠቁጠውና አፍንጫ የሚይዘው ሽታ የንጹሕ ክሎሪን አይደለም። ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተጣብቆ የሚፈጥረው ክሎራሚን ነው። ገንዳ «ክሎሪን ክሎሪን» ሲሸት ብዙ ጊዜ ያነሰው ራሱ ክሎሪኑ ነው።

ጽሑፋችሁን ያጀበው ፎቶ ግን ከጽሑፉ ይብሳል። ሁለት የተከፈቱ ባልዲዎች፣ አንዱ የጽላት አንዱ የዱቄት፣ በመካከላቸው አንድ ማንኪያ። ሁለቱም ክሎሪን ስለተባሉ አንድ አይደሉም። ትራይክሎር የሚባለው ጽላትና ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው ዱቄት ሲገናኙ፣ በተለይ ጥቂት እርጥበት ካገኙ፣ እሳት ሊያስነሱ ወይም ሊፈነዱ ይችላሉ። አሲድና ክሎሪን ከተቀላቀሉ ደግሞ መርዝ ጋዝ ይወጣል። ለእያንዳንዱ የራሱ ደረቅ ማንኪያ ይኑረው፤ ሁልጊዜም መድኃኒቱ ወደ ውሃው ይግባ እንጂ ውሃ ወደ መድኃኒቱ አይፍሰስ። ፎቶውን ማን እንደመረጠው አላውቅም፤ ምናልባት ቀለሙ አምሮት ይሆናል።

በአሥረኛው ማታ 15 የነበረው ንጋት ላይ 14.5 ሆኖ ጠበቀን። አንድ ሌሊት ሙሉ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ብቻ ከቀነሰ ውሃው ውስጥ የሚበላው ነገር አልቋል ማለት ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን የማጣሪያውን አሸዋ ቀየርኩ፣ ቀጥሎ ማረጋጊያውን፣ በሊትር 30 ሚሊግራም ሲያኑሪክ አሲድ፣ በጠቅላላው 1440 ግራም፣ ፀሐዩን እንዲከላከልልን ጨመርኩ። ልጆቹ የገቡት የክሎሪኑ መጠን ወርዶ ካበቃ በኋላ ነው።

ማስተካከያ ለማውጣት ቦታ ይጠብብናል የምትሉ ከሆነ ቀሪውን ሁሉ ተዉትና የፎቶውንና የአሸዋውን ነገር ብቻ አውጡልኝ። አሸዋውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ማጣሪያውን ከፍቶ ማየት ስለሚያታክት። እኔ ስከፍተው ላዩ ላይ አንድ ጣት ውፍረት ያለው ቡናማ ቅርፊት ነበር፤ እሱን ትቼው ቢሆን ኖሮ ክሎሪኔን እየበላ ይቀመጥ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ