ፊልም ማጠቢያ ጨለማ ክፍላችንን እንድናሟላ አግዙን

ፊልም «ማጠብ» እንላለን፤ ቃሉ ግን ሥራውን ያሳንሰዋል። ፊልሙ ላይ ጄላቲን ውስጥ የተበተኑ የብር ብሮማይድ ቅንጣቶች አሉ። ብርሃን የነካቸውን ደቨሎፐር የተባለው ፈሳሽ ወደ ጥቁር ብር ይለውጣቸዋል፤ ያው ለጌጥ የምናውቀው ብር ማለት ነው። ብርሃን ያልነካቸውን ደግሞ ፊክሰር የተባለው ሌላ ፈሳሽ አሟሙቶ ያወጣቸዋል። ውሃ የሚያጥበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛም ተሰባስበን የምንማረው ይህንኑ ነው፤ ዝግጁ ዱቄት ከመበጥበጥ አልፈን ራሳችን መዝነን እንቀምማለን።

የምንቀምመው ዲ-76 የተባለውን የቆየ የኮዳክ ደቨሎፐር ነው። ለ1 ሊትር 2 ግራም ሜቶል፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 2 ግራም ቦራክስ ይገባል። አንድ ቀን ሰልፋይቱን አስቀድመን ጨመርንና ሜቶሉ አልሟሟ ብሎ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። ሰልፋይት በበዛበት ውሃ ሜቶል በቀላሉ እንደማይሟሟ የገባን ያኔ ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት እንወደዋለን፣ ያስተምራል። በኩሽና ሚዛን 2 ግራም መመዘን ግን ከግምት አያልፍም።

የሚያንገበግበን ሌላ ነው። አንዲት ጓደኛችን አያቷን ያነሳችበትን ፊልም ይዛ መጣች። ጠርሙሶቻችን አንድ ዓይነት ናቸው፣ የተለጠፈባቸው ወረቀት ደግሞ ረጥቦ ተልጦ ነበር፤ ፊክሰሩ ቀድሞ ገባ። ፊልሙ የሚታጠብበትን ታንክ ስንከፍት ፊልሙ እንደ መስታወት ጠርቷል። ከ36ቱ ፎቶ አንድም ጥላ አልቀረም። ፊክሰር ደቨሎፐር ያላገኘውን ብር ጠራርጎ ስለሚወስድ መመለሻ የለውም።

ስለዚህ እስከ 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ሁለት ቴርሞሜትሮች (ደቨሎፐሩን 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለማቆየት)፣ መልካቸው የተለያየ ጠርሙሶችና አየር ማውጫ ማራገቢያ ያስፈልጉናል። ሜቶል የአንዳንድ ሰው ቆዳ ስለሚያስቆጣ ጓንትም እንፈልጋለን። ያገለገለ ፊክሰር ብር ስላዘለ ወደ ፍሳሽ አንደፋውም፤ የምናጠራቅምበት ባለክዳን ጀሪካን ቢገኝ ትልቅ እርዳታ ነው።

ገንዘብ የምታዋጡ፣ መጀመሪያ የምንገዛው ሚዛኑን ነው፤ ደረሰኙ በሩ ላይ ይለጠፋል። ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ ማጠቢያ ታንክ፣ ትሪ ወይም የፎቶ ማጉያ ያላችሁ፣ ቢያረጅም እንቀበላለን። ፎቶ ቤት ሠርታችሁ የምታውቁና ኬሚስትሪ የምታስተምሩ ደግሞ አንድ ከሰዓት ብቻ አብራችሁን ቁሙ፤ ከዕቃው ይልቅ የጎደለን እሱ ነው።

ጓደኛችን አያቷን እንደገና አንስታቸዋለች። ጥቅሉ እስካሁን አልታጠበም፤ ሚዛኑንና ጠርሙሶቹን እየጠበቀ ነው።