እንሰት ከእኔ በፊት ለንደን ገብቷል

እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? የአባባስ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራውም ብርዱም እንደወትሮው ነው።

በስልክ «በእረፍትሽ ቀን የት ነው የምትጠፊው?» ብለሽኝ ነበር፤ መስመሩ ተቋርጦ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። በስተምዕራብ በኩል ኪው የሚባል ትልቅ የዕፅዋት ሥፍራ አለ። ልዕልት ኦገስታ በ1759 ያስጀመረችው ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ።) ከብረትና ከመስታወት የተሠራ ቤት አለው፤ ውስጡ እንደ ጋምቤላ ይሞቃል። በብርዱ ወራት ሰው ተክል ለማየት ይግባ ለመሞቅ እንጃ። እኔ ለሁለቱም ነው። እዚያ ውስጥ ፍራንሲስ ማሰን የሚባል አትክልተኛ ከደቡብ አፍሪካ ያመጣው ተክል አለ፤ ከ1775 ጀምሮ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። እኔ በጥቂት ዓመት ስደት እነጫነጫለሁ!

ዋናው ወሬዬ ግን እንሰት ነው። ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል፣ ያ የአፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ ፕላውደን፣ በ1853 የእንሰት ዘር ወደ ኪው ላከ። ሰዎቹ ቢያገላብጡት ምን እንደሆነ ጠፋቸው። ሲበቅል ነው የሙዝ ዘመድ መሆኑን ያወቁት። ጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንሰትን ከነሥዕሉ አሳይቷቸው ነበር።

ደግሞ አትፍረጂባቸው። አንቺስ ዘሩን ብሰጥሽ ትለዪዋለሽ? እኛ ቤት አሚቾው፣ ያ ከመሬት በታች ያለው ወፍራሙ ክፍል፣ ይቀበራል፣ ችግኙ ከዚያ ይወጣል። እንሰቱ አበባ ሳያወጣ ይቆረጣል። ዘሩን ማን አይቶት! ጥቁር ነው፣ እንደ ጠጠር የጠነከረ።

አሁን እዚህ አገር ሰዎች እንሰትን ለጌጥ ይተክሉታል። ቀላ ያለ ቅጠል ያለውን ይመርጣሉ። ብርድ ሲመጣ ሸፋፍነው ወይም ቤት አስገብተው ያከርሙታል። ተፍቆና ተቀብሮ ቆጮ እንደሚሆን ስነግራቸው በትህትና ፈገግ ይላሉ። ያላመኑኝ ይመስለኛል።

የኪው ግቢ ሲያዩት ደስ ይላል እንጂ ታሪኩ ሁሉ የሚያኮራ አይደለም። በ1876 ሄንሪ ዊክሃም የተባለ ሰው ከብራዚል 70,000 ያህል የጎማ ዛፍ ዘር አመጣላቸው። የበቀለው ከ3,000 አይሞላም፤ ግን በቃቸው። ችግኙ እንግሊዝ ትገዛቸው ወደነበሩ የእስያ አገሮች ሄደ፣ እዚያ እርሻው ተስፋፋ፣ በኋላ የብራዚል የጎማ ንግድ ወደቀ። በእንሰት ግን ማንም ፈረንጅ አልከበረም። ዓመታት አስጠብቆ፣ አስፍቆ፣ አስቀብሮ የሚያበላ ተክል ለነጋዴ ምኑ ይመቻል?

ዛሬ የኪው ተመራማሪዎች ከአገራችን ምሁራን ጋር ሆነው እንሰትን ያጠናሉ። 20 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚመግብ ይጽፋሉ። የትኛው ዓይነት ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን ግን የሚጠይቁት ገበሬውን ነው። አንቺ ጋ ቢመጡ ቡና ሳይጠጡ እንዳትለቂያቸው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከጓሮው አንዷን እንሰት ሳትቆርጡ ተዉልኝ፣ አብባ ታፍራ። ያኔ ለምግብ እንደማትሆን አውቃለሁ፤ አባባም ይቆጣሉ። የቆጮውን ዋጋ ከወሩ ብር ጋር ጨምሬ እልካለሁ። ስታፈራ ማሙሽ ፎቶዋን በቴሌግራም ይላክልኝ።

ልጅሽ፣ ከለንደን