የሳይንስ ክበባችን ዓመት፦ ዓይንን የሚመግበው ደም

ዘንድሮ የክበባችንን ሥራ አቅጣጫ ያስያዘችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቢቸና አካባቢ የሚኖሩት ገበሬ አያቷ ከጎን የሚመጣ በሬ እንኳ አልታይ ብሏቸው ሲመረመሩ፣ እይታን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን የዓይን ነርቭ የሚጎዳው ግላኮማ ተገኘባቸው። «መምህር፣ የዓይናቸው ግፊት ግን ልክ ነው ተብሏል። ታዲያ ምን ጎዳቸው?» አለችኝ። ግላኮማን ለዓመታት ያስተማርኩት የዓይን ግፊት (በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚፈጥረው ጫና) ሲጨምር የሚመጣ በሽታ እያልኩ ብቻ ነበርና ጥያቄዋ ሌሊቱን አላስተኛኝም።

በመስቀል ሰሞን ተማሪዎቹ ከየሰፈራቸው ቅርጫ አራት የበሬ ዓይኖች አመጡ። ከፍተን ያየነው የዓይን ነርቭ ነጭ ገመድ ይመስላል፤ በሰው ዓይን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች አሉት። ነርቩ ከዓይን ኳስ የሚወጣበትን ቦታ የሚመግቡት በጣም ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ናቸው። ደሙ ወደዚያ ለመድረስ የዓይንን የውስጥ ግፊት ማሸነፍ አለበት።

ይህን በዓይናችን ለማየት ውኃ የሞላ ጆግ ከፍ አድርገን ሰቀልን፤ ከሥሩም ቱቦ አወረድን። መጀመሪያ የመረጥነው የፕላስቲክ ቱቦ ጠንካራ ስለነበረ ሁለት ሳምንት አቃጠለብን። ከዚያ ሁለት ጫፉ የተቆረጠ ረጅም ፊኛ ቀጠልንና ውኃ የያዘ ከረጢት ጫንበት። የጆጉ ከፍታ የደም ግፊትን፣ ፊኛው የደም ሥርን፣ የከረጢቱ ክብደት የዓይን ግፊትን ይወክላል። ከረጢቱ ሲከብድ ፍሰቱ ቀጠነ። ከረጢቱን ሳንነካ ጆጉን ዝቅ ስናደርግም እንዲሁ ቀጠነ! ክፍሉ ጸጥ አለ። የልጅቷ ጥያቄ መልስ እዚያ ነበር፦ የዓይን ግፊት ከተለመደው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሳያልፍ፣ የሚመግበው ደም ከደከመ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል።

እርግጥ የደም ሥር እንደ ፊኛ ዝም ብሎ አይተኛም። የውስጥ ሽፋኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር አመንጭቶ ያሰፋዋል፣ ኤንዶተሊን የሚባል ሌላ አመንጭቶ ያጠብበዋል፤ በዚህም ፍሰቱን ያመጣጥናል። በአንዳንድ የግላኮማ ሕሙማን ይህ ሚዛን ተዛብቶ ይገኛል። መዛባቱ የበሽታው መነሻ ይሁን ውጤት ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከሩበታል። ተማሪዎቼ ክርክሩን ሳይሸፋፍኑ በግድግዳ ጋዜጣቸው ላይ መጻፋቸው ከሁሉም በላይ አስደስቶኛል።

ሌሊት የደም ግፊት ይወርዳል፤ ስንተኛ ደግሞ የዓይን ግፊት ከፍ ይላል፤ ያኔ ለነርቩ የሚደርሰው ደም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ የግላኮማ ሕመምተኛ፣ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ ለዓይን ሐኪሙ መንገር አለበት። በራሱ ፈቃድ ግን ማቆም የለበትም። የዓይን ግፊትን መቀነስም ግፊታቸው ልክ ለሆነ ሕሙማን ጭምር ይጠቅማል፤ ግፊቱን የሚቀንሰውን የዓይን ጠብታ ችላ የሚሉ ወላጆች ላሏችሁ ተማሪዎች ይህን ደጋግሜ እነግራችኋለሁ። የጠፋ እይታ አይመለስምና።

የፊት መታጠብ ዘመቻውና የችግኝ ተከላው እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። የደም ግፊት መለኪያ ለመግዛት የጀመርነው መዋጮ ገና አልሞላም።

በሰኔው የመዝጊያ ቀን አያትየው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸው ሁሉንም አስረዳቻቸው። እሳቸውም ጆጉን በአንድ እጃቸው ቀስ አድርገው ዝቅ እያደረጉ፣ የውኃውን መቅጠን በሌላው እጃቸው ጣቶች ዳሰሱ።