ከሀደርስፊልድ፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴን በእኔ ፈንታ ስለምትጠይቅልኝ ውለታህን የምከፍልበት የለኝም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜህ አይደለም። «ምን እየሠራህ ነው?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። የቆሻሻ መኪና ላይ ነው የምሠራው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እነሳለሁ። ባለፈው የላክሁልህ ፎቶ ላይ ያለው ኮት የተዋስኩት ነበር።

በቀደም አብሮኝ የሚሠራ ሽማግሌ ጓንቱን እያወለቀ፣ «አልበርት ሮዘንፌልድም እኮ ይህንኑ ሥራ ሠርቷል» አለኝ። ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ገብቼ ሳነብ አደርኩ።

ሰውዬው በ1885 እ.ኤ.አ. ሲድኒ የተወለደ፣ የአይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ልጅ ነው። በ1908 አውስትራሊያ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የራግቢ ሊግ ግጥሚያዋን ስታደርግ ተሰልፏል። በዚያው ዓመት ከቡድኑ ጋር በመርከብ ወደ እንግሊዝ መጣ፤ የዚህች ከተማ ልጅ ወደደና አግብቷት እዚሁ ቀረ።

በዚህ ጨዋታ ኳሷን አቅፈህ ትሮጥና ከባላጋራህ መስመር ማዶ መሬት ታስነካለህ፤ ትራይ ይሉታል። ሮዘንፌልድ ቁመቱ አጭር ነው። የሀደርስፊልድ ክለብ ከመሀል አውጥቶ ክንፍ ላይ አሰለፈው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው! በ1911–12 የውድድር ዘመን 78 ትራይ፣ በ1913–14 ደግሞ 80። እስከ ዛሬ በአንድ የውድድር ዘመን 80 የደረሰ ሌላ ሰው የለም፤ መቶ ዓመት ካለፈ ቆየ እኮ! በ1914–15 ክለቡ አራቱንም ዋንጫ ጠራርጎ ወሰደ። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ሜሶፖታሚያ፣ ወደ ዛሬዋ ኢራቅ፣ ወሰደው። ሲመለስ ዕድሜው ገፍቶ ነበር፤ ቢሆንም እስከ 1924 ተጫውቷል።

ከዚያ በኋላ በዚችው ባጨበጨበችለት ከተማ የቆሻሻ መኪና ላይ ሠራ። በየደጃፉ ሲያልፍ በስሙ የሚጠሩት ሰዎች ይታዩኛል። በ1970 እዚሁ አረፈ፤ ከነዚያ በ1908 በመርከብ ከመጡት ተጫዋቾች በሕይወት የቆየው የመጨረሻው እሱ ነበር። በ1988 የራግቢ ሊግ የክብር መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ ከገቡት አንዱ ሆነ።

ትናንት ሽማግሌውን ፎቶ አንሳኝ አልኩት። ቢጫ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ፣ መኪናው ከኋላዬ ቆሞ ነው የተነሳሁት። ከደብዳቤው ጋር አብሮ አለ። ለእናቴ አሳይልኝ፤ የማነው መኪናው ካለችህም እውነቱን ንገራት።

ናፋቂህ ወንድምህ